ቤዙ ለምን አልተሰማም?

ባለፈው ወር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በተደረገው የአቀባበል ምሽት ላይ የነበራችሁ ሁሉ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የማኅበራችን ባንድ ሦስተኛውን ዘፈን እንደ ጀመረ ከኋላ የተቀመጡት «ድምፃዊቷ አትሰማም!» ብለው ጮኹ፤ ከፊት የተቀመጡት ደግሞ ጆሯቸውን ያዙ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ወንድማችን የራሱን ጨዋታ መስማት ስላልቻለ የማጉያውን ማዞሪያ ጨመረው። ጊታር ተጫዋቹ ይህን አይቶ የራሱን ጨመረ። ድራም መቺው ማዞሪያ ስለሌለው በክንዱ ጨመረ። አምስተኛው ዘፈን ላይ የቤዙ ስፒከር እንደ ተቀደደ ጆንያ ሲንኮሻኮሽ ቆየና ጭራሽ ዝም አለ። የቀረው ምሽት ያለ ቤዝ አለፈ፤ የሚያስገርመውም ነገር፣ የድምፃዊቷን ግጥም ያን ጊዜ ገና ሰማነው።

ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ ክፍሉ አባሎች ለሥራ ኮሚቴው ማመልከቻ አቅርበዋል። ማመልከቻው አጭር ነው። ያለን ማጉያ 100 ዋት ብቻ ስለ ሆነ አልበቃንም፤ የ400 ዋት ማጉያ ይገዛልን ይላል። ገንዘቡ የሚወጣው ሁላችንም ከምናውቀው ከማኅበሩ ሣጥን ነው። ከዚሁ ሣጥን የመማሪያ ጽሑፍ ማባዣ ላጡ ጓደኞቻችን ይከፈላል፤ ለታመመም ተማሪ መድኃኒት ይገዛል። ስለዚህ ጉዳዩ የሙዚቀኞች ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

እኛ ይህን ጥያቄ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ሙዚቃ ጠልተን ወይም «ተማሪ ትምህርቱን ይማር እንጂ ጭፈራ ምን ያደርግለታል» ከሚሉት ጋር ተሰልፈን አይደለም። ባንዱ ይኑር፣ ይጠንክርም እንላለን። ነገር ግን በዚያች ምሽት የጎደለው ዋት አልነበረም። የጎደለውን ሳናውቅ ገንዘብ ብናፈስ የሚመጣው ዓመት የአቀባበል ምሽት እንዳለፈው ይሆናል፤ ልዩነቱ ጩኸቱ መብዛቱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዋቱ እንናገር። የሰው ጆሮ ኃይልን የሚቆጥረው እንደ ገበያ ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አይደለም። የማጉያው ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ልክ ነው። አንድ ድምፅ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ኃይል ነው። ከ100 ወደ 400 ዋት መውጣት 6 ዴሲቤል ይሰጠናል። እጥፍ አይደለም፤ ወደ እጥፍም አይደርስም። ደግሞስ 100 ዋት የቀደደው ስፒከር 400 ሲፈስበት ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አለን? በማመልከቻው ላይ ስለ ስፒከሩ አንድ ቃል አልተጻፈም።

ስለ ስፒከር ካነሣን ዘንድ፣ ሰው ሁሉ የማጉያውን ዋት ይጠይቃል እንጂ የስፒከሩን ንቃት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለት ሳጥኖች በአንድ ዋት ኃይል በአንድ ሜትር ርቀት ሲለኩ አንደኛው 97 ሌላው 100 ዴሲቤል ቢሰጥ፣ ሁለተኛው ማጉያውን እጥፍ እንደ ማድረግ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር በሳጥኑ መግለጫ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ለማንበቡም ገንዘብ አይከፈልበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቤዝ ተጫዋቻችን ድምፁን የሚያስተካክለው የት ነው? በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ማታ፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ ቀስ አድርጎ። በዚያ ሰዓት ወፍራሙን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ቀጭኑንም እንዲሁ ያደርግና መካከለኛውን ወደ ታች ያወርደዋል። ለብቻው ሲሰማ በእውነት ደስ የሚል ነው፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ። ነገር ግን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ዝግ ባለ ድምፅ ወፍራሙን አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ወፍራሙ ከሌላው በበለጠ ፍጥነት እየጎላ ይመጣል። ስለዚህ በመኝታ ክፍል ልክ የነበረው ወፍራም ድምፅ መድረክ ላይ ሲወጣ ያብጣል፤ አዳራሹን የሚሞላ ጉርምርምታ ይሆናል። የተቀነሰው መካከለኛ ድምፅ ደግሞ ቀንሶ ይቀራል። ይህ መካከለኛ ድምፅ ነው እንግዲህ «አሁን የተመታው ይህ ኖታ ነው» ብሎ ለጆሮ የሚነግረው።

ይህን በቁጥር ማየት ለሚሻ፣ አራት ክር ባለው ቤዝ ላይ ከሁሉ የወፈረው ክር በባዶው ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ከሁሉ የቀጠነው 98 ጊዜ። አብዛኞቹ በመኪና ላይ ተጭነው የሚዞሩ የቤዝ ሳጥኖች ከ50 ወይም ከ60 ኸርዝ በታች ኃይላቸው እየደከመ ይሄዳል። ታዲያ 41ን እንዴት እንሰማዋለን? የምንሰማው በአብዛኛው የእርሱን ልጆች ነው፤ 82ን፣ 123ን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን። ጆሮና አንጎል ከልጆቹ ተነሥተው አባትየውን ይገምቱታል። ልጆቹ ከታፈኑ አባትየው ምንም ያህል ቢጮኽ የሚሰማው ንዝረት ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ሊሆን ባልተገባ ነበር። በገናን ልብ ብሎ ያየ ሰው በየክሩና ክሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች መግባታቸውን ያውቃል። ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል፤ ያ ነዘርዛራ ድምፅ በላይ በላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። የበገናው ክሮች ወፋፍራም፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ሳለ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ማጉያ ክፍሉን ሞልቶ የሚሰማው በዚህ ብልሃት ነው። እንዝራውን አውጥቶ በገናው ለምን ደከመ ብሎ የሚጠይቅ ባለ በገና አይገኝም። መካከለኛውን ድምፅ ከማጉያው ላይ አውጥቶ ዋት የሚጠይቅ ግን አለን።

ወፍራሙን ከፍ ማድረግ ሌላም ዕዳ አለበት። «ቤዝ» የሚለውን ማዞሪያ በ6 ዴሲቤል ከፍ ያደረገ ሰው ለዚያ ክፍል አራት እጥፍ ኃይል ጠየቀ ማለት ነው። ማጉያው 100 ዋት ቢሆን፣ በሙሉ ኃይሉ ከመሥራቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይደክማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስፒከሩም ልኩን አልፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወረወራል። የተቀደደውም በዚህ ነው። እንግዲህ 400 ዋት አስቀድሞ የጠየቀው ማመልከቻው ሳይሆን የተጫዋቹ ጣት ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለቤዝ ተጫዋቾቻችን የምንለው ይህ ነው። መድረክ ላይ ስትወጡ ማዞሪያዎቹን ሁሉ መካከል ላይ አድርጉና ጀምሩ። ከ40 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ማብሪያ ካለ አብሩት፤ ማንም አይናፍቀውም። አዳራሹ ካጉረመረመ 100 ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ቀንሱ። ራሳችሁን መስማት ካቃታችሁ ዋናውን ማዞሪያ ከመንካታችሁ በፊት ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ጨምሩና እንደ ገና አዳምጡ። ለብቻችሁ ስትሞክሩት ድምፁ ሻካራ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ይመስላችኋል። ይምሰላችሁ። ከድራሙና ከኪቦርዱ ጋር ሲገባ ሻካራነቱ ይጠፋል፤ ኖታው ይቀራል። የመግቢያውን ማዞሪያ ደግሞ ጠንክራችሁ ስትመቱ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ድረስ ክፈቱና ከዚያ ጥቂት መልሱት። ክሩ አርጅቶ ድምፁ ከደነዘዘና መግዣ ከሌለ፣ ክሩን ፈትቶ ለጥቂት ደቂቃ በውኃ መቀቀል የድሃ ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነው፤ ለጥቂት ቀን ይነቃል። (መቀቀያው ድስት የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።)

ሁለተኛው ችግር የሳጥኑ አቀማመጥ ነው። በአቀባበሉ ምሽት ሳጥኑ የተቀመጠው መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ ተጠግቶ፣ ከተጫዋቹ ባት ጀርባ ነበር። ጉልበት ጆሮ የለውም። ኖታውን የሚያስለየው መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ እንደ ወፍራሙ አይዞርም፤ ስለዚህ በተጫዋቹ እግር ሥር አልፎ ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉትን ሲመታ ተጫዋቹ የሚሰማው ጉርምርምታውን ብቻ ነው። ወለሉና ጥጉም ወፍራሙን ያጎላሉ፤ ባዶ የእንጨት መድረክ ሲሆን ደግሞ ራሱ እንደ ከበሮ ይመታል። ሳጥኑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ከጥግ ማራቅ፣ ወይም ፊቱን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ማዘንበል አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚህም ጋር የ41 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 8 ሜትር ከ30 ያህል ርዝመት እንዳለው እናስታውስ። ግንቦቹ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መጋረጃ የሌለው አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። ተጫዋቹ የቆመበት ስፍራ ከጠፋበት አንዱ ሊሆን ይችላል። «አልሰማም» ያለው ውሸቱን አልነበረም። ግን እርሱ ሳይሰማ የመጨረሻው ረድፍ ደረቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጅም ገመድ ሰክቶ፣ እየተጫወተ፣ ባንዱም አብሮት እየተጫወተ፣ እስከ ኋላው በር ድረስ የሄደ ቤዝ ተጫዋች በዚህ ግቢ አላየንም።

አንዳንዶች «በውጭ አገር የሚጫወቱት እኮ ግድግዳ የሚያህል ማጉያ ነው የሚያቆሙት» ይሉናል። እስቲ ታሪኩን እንየው። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ በ1951 ገበያ ላይ ሲያወጣ ሰው የሚሸከመውን ግዙፉን የቆመ ቤዝ ሊተካ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ያወጣው ቤዝማን የተባለ ማጉያ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ብቻ ነበረው። በ1960 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ቢ-15 የተባለውን አወጣ፤ እርሱም አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከርና 25 ዋት ያህል ኃይል ያለው፣ ማጉያው ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘፈን ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን በምሽት ክበቦች የሚጠቀመው በዚህ ማጉያ ነበር። ስቱዲዮ ሲገባ ደግሞ ያለ ማጉያ ገመዱን በቀጥታ ወደ መቅረጫው ጠረጴዛ ይሰካ ነበር። የ1962 ፕሪሲዥን፣ ለስላሳ ጥቅልል ክር፣ ክሩም እስኪበጠስ የማይለወጥ፣ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት አንድ ብቻ። ይኸው ነው መሣሪያው።

ግድግዳ የሚያህለው የመጣው በኋላ ነው። በ1969 ያው አምፔግ ኩባንያ ኤስ.ቪ.ቲ. የተባለውን 300 ዋት አወጣ፤ ማጉያው ብቻውን 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በሥሩ ስምንት ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዙ ሳጥኖች የሚቆሙለት ነው። የተሠራበትም ምክንያት ነበረው። በዚያን ጊዜ ባንዶች ወደ ታላላቅ የስፖርት አዳራሾች ወጥተው ሳለ የአዳራሽ ድምፅ ማሰራጫው ገና ደካማ ስለ ነበረ፣ ቤዙ ለሕዝቡ የሚደርሰው ከመድረኩ ማጉያ በቀጥታ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ግድ አይደለም። ዲ.አይ. በምትባል መዳፍ በምታህል ሳጥን አማካይነት የቤዙ ድምፅ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ከአዳራሹ ስፒከሮች ይሰማዋል፤ የመድረኩ ማጉያ ሥራው ለተጫዋቹና ለጓደኞቹ መሰማት ብቻ ይሆናል። የእኛ አዳራሽ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት የወፍራም ድምፅ ሳጥኖች አሉት። ዓመቱን ሙሉ ለስብሰባ ንግግር እየዋሉ ያለ ሥራ ቆመዋል።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ»ን ዛሬ ማታ ድምፃዊውን ትታችሁ ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ አዳምጡ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጆቫኒ ሪኮ ዘፈኑን በጫንቃው ተሸክሞት ይሄዳል፤ በትንሽ ስልክ እንኳ ብትሰሙት ኖታው አይጠፋም። ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል፤ ስልክ 41 ኸርዝ የሚባል ነገር አያውቅም።

በማመልከቻው በኩል ያለውን እውነት ግን አንደብቅም። ከፍ ያለ ዋት ያለው ማጉያ ሳይጨነቅ ስለሚሠራ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፤ ማሰራጫ በሌለበት በስፖርት ሜዳ ለመጫወት ቢታሰብም 100 ዋት አይበቃም። በዛሬው ጊዜ ደግሞ 3 ኪሎ ያህል ብቻ የሚመዝኑ የ500 ዋት ማጉያዎች አሉ፤ ወንድሞቻችን ከመጋዘን እስከ መድረክ ተሸክመው ወገባቸው የሚጎብጥበትን ስናይ እናዝናለን። ስለዚህ ለዘላለም አይገዛ አንልም። ቀድሞ ሳጥኑ ይሁን እንላለን። ያለን ሳጥን 8 ኦም ነው፤ የማጉያችን ጀርባ ደግሞ ዝቅተኛው 4 ኦም መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛ ተመሳሳይ የ8 ኦም ሳጥን ጎን ለጎን ቢቀጠልበት ድምሩ 4 ኦም ይሆናል፤ ማጉያው ከቀድሞው የበለጠ ኃይል ይሰጣል፣ አየር የሚገፋውም ስፒከር እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ከዚያ ከ400 ዋት ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ሸክሙም በሁለት ስፒከር ይከፈላል። ሦስተኛ ሳጥን ግን አይቀጠል፤ ማጉያው ይግላል፣ ይቃጠላልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበንን ወደ መጨረሻ ያስቀመጥነው ስላሳነስነው አይደለም። ከምሽቱ በኋላ ዕቃው ሲሰበሰብ ሁለት ነገር አየን። አንደኛ፣ ማጉያውን ከሳጥኑ ጋር ያገናኘው የጊታር ገመድ ነበር። ጫፉ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ይገባል፤ የውስጡ ሽቦ ግን ቀጭን ስለ ሆነ ይሞቃል፣ ማጉያውንም ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛው የከፋ ነው። «ይጮህብናል» ተብሎ የማጉያው ስፒና የመሬት ገመድ ተቆርጦ ነበር። ጩኸቱ፣ ማለት ያ እንደ ንብ የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ፣ በእርግጥ ቀንሷል። በምትኩ ግን በማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልቱ በክሩ ላይ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ክሩን እንደ ያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን በነካበት ሰዓት መንገዱ ይሞላል። የስኮትላንዱ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በ1972 ስዋንሲ ከተማ ላይ መድረክ ላይ ሳለ የመሬት ገመዱ በትክክል ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። ዕድሜው 27 ነበር። የንቡን ድምፅ ለማጥፋት የባንዱን ዕቃ ሁሉ ከአንድ ባለ መሬት ገመድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ በዲ.አይ. ሳጥኗ ላይም ያለችውን የመሬት ማላቀቂያ ማብሪያ መጫን ነው፤ እርሷ የምልክቱን መንገድ እንጂ የኤሌክትሪኩን መሬት አትቆርጥም። ያችን ስፒና የቆረጠ ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። ነገ ጠዋት እንድትቀጠል ግን እንጠይቃለን።

እንግዲህ ኮሚቴው በቀረበለት ማመልከቻ ፈንታ ይህን እንዲፈቅድ እናሳስባለን፦ የተቀደደው ስፒከር ይጠገን፤ አንድ ዲ.አይ. ሳጥን፣ አንድ እውነተኛ የስፒከር ገመድ፣ አንድ ባለ መሬት ገመድ ማከፋፈያ ይገዛ። ሁለተኛው ሳጥን በመጪው መንፈቅ ይታይ። የሚተርፈው ለጽሑፍ ማባዣው ይቆይ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ባዶ ነው። ከፊዚክስ መምህሮቻችን አንዱ የድምፅ መለኪያ ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል፤ ቤዝ ተጫዋቹም እሺ ብሏል፤ ማጉያ ከጓደኛው ይዋሳል። የሚያስፈልጉን በየረድፉ ተቀምጠው «እዚህ ይሰማል፣ እዚህ አይሰማም» የሚሉ ሃያ ሰዎች ናቸው። የአዳራሹ ቁልፍ ከዘበኛው ዘንድ ነው።